ስንት ክንድ ይሰጣል

በጋሽ ኦልታዬ ሱቅ ሄልሜት ሊገዛ የገባ ሰው የራሱን ልክ አይጠየቅም። የሚጠየቀው የሚሄድበትን መንገድ ነው።

“በየት በኩል ነው የምትመላለሺው፣ ሲስተር?” አሉ ጋሽ ኦልታዬ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

“በቁልቁለቱ። እስከ ሁምቦ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ወደ ቀበሌዎቹ።”

“በየቀኑ?”

“ከእሑድ በቀር።”

ቁልቁለቱ ከሶዶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው አስፋልት ነው። ሙዝና ማንጎ የጫኑ ተሳቢዎች ሌትና ቀን ይመላለሱበታል። በተሳቢዎቹ ውስጥ ሰው የለም፤ ድሮ የሹፌሩና የረዳቱ ወንበር በነበረበት ቦታም ሙዝ ይደረደራል።

ፀጋነሽ አዋላጅ ነርስ ናት። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ልጇ ልድያ አምስት ወሯ ነው፤ ጡጦ እምቢ ብላለች። በማንኪያም በሲኒም ተሞክሮ አልሆነም። ስለዚህ ልጅቷ ከእናቷ ጋር መሄድ አለባት። ሚኒባስ በዚያ መንገድ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ወደ ቀበሌዎቹ የሚያስገባው የአፈር መንገድም ከሞተር በቀር አያስተናግድም። ባሏ እንድርያስ ልጅቷን ደረቱ ላይ አቅፎ ከኋላዋ ቆሟል። በእጃቸው ያለችው የእሱ አሮጌ ሞተር ብቻ ናት። ዛሬ ቅዳሜ የመጡት ለፀጋነሽ የሚሆን ሞተርና የመንዳት ልብስ ሊመርጡ ነው።

ሱቁ ሁለት መደርደሪያ አለው። በቀኝ በኩል አዲሶቹ ሄልሜቶች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ በጨለማ የሚያበራ አረንጓዴ። አቧራ ለብሰዋል። አልፎ አልፎ አንዱ ይሸጣል፤ ለማን እንደሚሸጥ ግን ጋሽ ኦልታዬ አያወሩም። በግራ በኩል ያሉት ያረጁት ናቸው። ያረጁት የሚሠሩት ከአዲሶቹ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ላያቸውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይበቃ ነበር። ተሳቢዎቹ ይህን በአንድ ክረምት ለዩት። አሁን ከጓሮ ያሉት ሁለት ሴቶች የውስጡን ስፖንጅ ያወጣሉ፣ ቅርፊቱን ከውስጥ እየሞረዱ ያሳሳሉ፣ ማሰሪያውን ቆርጠው በሲባጎ ይተኩታል። ሥራ ስላለበት ያረጀው ከአዲሱ ይወደዳል።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያወቀው የሞተረኞች እድር ነው። ሞተረኛ ሲሞት ሄልሜቱን በሳጥኑ ላይ አስቀምጦ መቅበር በሶዶ የቆየ ልማድ ነው። ተሳቢዎቹ ሰው አልባ ከሆኑ በኋላ ቀባሪዎቹ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። በሳጥን ላይ የሚቀመጡት ሄልሜቶች ደህና ደህናዎቹ ነበሩ። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ የሚነዱት፣ የግንበኛ ፕላስቲክ ቆብ የሚደፉት፣ ድንኳን ተካይ ሆነው ቀርተዋል።

የተሳቢዎቹ ባለቤት ኩባንያዎች ተጠይቀው መልስ ሰጥተዋል። ስብሰባው ሥርዓት ያለው ነበር፤ የተላከችው ወጣት መሐንዲስም ትሑት ነበረች። መኪናው ሰው አይመርጥም፣ አለች። ፍሬን የማይበቃበት ጊዜ ሲመጣ ጉዳት ወደሚያንስበት ይዞራል። ጥሩ ሄልሜትና ጥሩ ጃኬት ያለው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ጉዳቱ አነስተኛ ተብሎ ይገመታል። ለዚህም ሲባል አስቀድሞ፣ ገና ሲያልፍ፣ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ ያልፋል። ከሹፌሮች ዘመን ይልቅ አሁን በመንገድ የሚሞተው ሰው በብዙ ማነሱንም በሥዕል አሳየች። እውነቷን ነው፤ ማንም አልተከራከራትም። ሰዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ብዙዎቹ ሄልሜታቸውን በራሳቸው አላደረጉም፤ በእጃቸው አንጠልጥለው ነው የሄዱት።

እንድርያስ ልብስ ሰፊ ነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የሥራው ግማሽ መስፋት ሳይሆን መተርተር ሆኗል። ሰዎች አዲስ የሞተር ጃኬት ያመጡለታል። እሱ ክርኑን፣ ትከሻውንና ጀርባውን ይተረትርና በውስጡ ያለውን መከላከያ ትራስ ያወጣል፤ ከዚያ ያልተቀደደውን ቀድዶ በጨርቅ ይጥፈዋል። በእሱ ሱቅ ጥግ የወጡት ትራሶች እስከ ጣሪያ ተከምረው ነበር፤ ሌላ ጥቅም እስኪገኝላቸው ድረስ።

አሁን ከቀኝ መደርደሪያ አንድ ጥቁር ጃኬት በነፃ እጁ ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየ። ክሩ ድርብ ነው። የጎኑ ስፌት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዳግመኛ ተሰፍቷል። ክርኑ ላይ ያለው ትራስ በአውራ ጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ ይመለሳል።

“አትውደደው” አሉ ጋሽ ኦልታዬ።

“ስፌቱን እያየሁ ነው።”

“እኔም እሱን ነው የምልህ።”

ፀጋነሽ ወደ አዲሶቹ ሄዳ አንድ አረንጓዴ ሄልሜት አነሳች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችው።

“እኔ ይህን ነው የምፈልገው” አለች።

“ፀጊ።”

“ምን ፀጊ ትለኛለህ? ከመውለዴ በፊት አንድ ልጅ ውሻ ገብቶበት ወድቆ አመጡልን። ተሳቢ የለ፣ ምን የለ። ያረጀ ሄልሜት ነበር ያደረገው። እንደ ቅል ነው ለሁለት የተከፈለው። የኮሮኮንች መንገዱ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ማን ነው የሚያየኝ? ድንጋዩ ነው።”

“ወደ ኮሮኮንቹ ለመድረስ አስፋልቱን ማለፍ አለብሽ።”

ሁለቱም እውነት ነው። ጋሽ ኦልታዬ የጆሯቸውን ግንድ አከኩ። በየቀኑ የሚሰሙት ክርክር ነው፤ አንዱ ወገን ሲያሸንፍ ግን አላዩም።

“ሞተሩንም እንይ” አሉ በመጨረሻ።

በበሩ ላይ አንድ አዲስ ሞተር ቆሟል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ፀጋነሽ ተቀመጠችበት፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ረገጡ። በእንድርያስ ሞተር ላይ የሚደርሰው የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው፤ በቆመች ቁጥር ወደ አንድ ጎን ትዘነብላለች። የአዲሱ ፍሬን ጎማ አያስርም፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ እንኳ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። መብራቱ በጉም ውስጥ ከሩቅ ይታያል።

“ለሴት የተሠራ ይመስላል” አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

“ጥሩ ሞተር ነው፣ አልዋሽሽም” አሉ ጋሽ ኦልታዬ። “ግን ለፍሬኑ አንድ ክንድ ይወስድብሻል። ቶሎ መቆም እንደምትችዪ ተሳቢዎቹ ያውቃሉ።”

ሶዶ ውስጥ የመንዳት ዕቃ ሁሉ የሚለካው በክንድ ነው። ተሳቢው ሲያልፍ በራሱና በሞተረኛው መካከል የሚተወው ርቀት ማለት ነው። ስንት ክንድ ይሰጣል፣ ይባላል። የፕላስቲክ ቆብ ሦስት ክንድ ይሰጣል። ያረጀ ሄልሜት እንደ አሠራሩ ነው። ጓንት አይሰጥም፤ ይወስዳል።

“እንሞክረዋ” አለች ፀጋነሽ።

መሞከሪያው ከገበያው ጀርባ፣ አስፋልቱ መውረድ ከሚጀምርበት ላይ ነው። በመንገዱ ጠርዝ በነጭ ቀለም መስመሮች ተሰምረዋል፤ ከአጠገባቸው አንድ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር ደግሞ ጠሪዎች የሚባሉት ሰዎች አሉ። ገዢው በጠርዙ ይነዳል፣ ተሳቢው ያልፋል፣ ጠሪዎቹ መስመሩን አይተው ክንዱን ይጠራሉ። ከጠሪዎቹ ትልቁ ማንጁራ የሚባል፣ በዘመኑ ተሳቢ ይነዳ የነበረ ሰው ነው።

“ሲስተር ፀጋነሽ” አለ ማንጁራ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ። “ትንሹን ልጄን ያዋለደችው እሷ ናት” አለ ለጓደኞቹ። “ደህና ጥሩላት።”

“እኛ ደህና ብንጠራ እነሱ ደህና ካላለፉ ምን ዋጋ አለው” አለ አንዱ።

“በአንተ ጊዜ እንዴት ነበር፣ ማንጁራ?” አለው ሌላው። “አንተ ለማን ነበር የምትርቀው?”

“እኔ ሁሉንም እኩል ነበር የማስፈራው።”

ሳቁ። እንድርያስም ሳይወድ ፈገግ አለ። ልድያ በሳቁ ነቅታ ዙሪያዋን ቃኘች።

ፀጋነሽ መጀመሪያ በአዲሱ ሞተር፣ በአረንጓዴው ሄልሜትና በጥቁሩ ጃኬት ሄደች። ከኋላዋ አንድ ተሳቢ መጣ። ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ አልጨመረም። ሲያልፋት የነጠላዋን ጫፍ ነፋሱ ጎትቶ ወደ ጎማው አዘነበለው።

“አንድ” አለ ማንጁራ። “አንድም ሙሉ አይደለም።”

ተመልሳ ያረጀውን ሄልሜት አጥልቃ በእንድርያስ አሮጌ ሞተር ሄደች። ያለ ጃኬት፣ በሹራብ ብቻ። ቀጣዩ ተሳቢ ገና ከሩቅ ወደ መሃል መንገድ ወጣ።

“ሦስት” አሉ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ።

በዚህ መሃል አንድ ጢማም ሞተረኛ ጀርባው ላይ አንቀልባ አስሮ ወደ ላይ ሲወጣ አለፈ። በአንቀልባው ጫፍ ትንሽ ቀይ የሱፍ ቆብ ይታያል።

“አባቱ፣ ልጁ ጡት ጠባ?” አለ ከጠሪዎቹ አንዱ።

“ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት” አለ ሞተረኛው ሳይዞር።

“ጢም አብቅሎ ይሆናላ እስካሁን።”

የአንቀልባው ነገር የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ልጅ ያዘለች ሴት ስትሄድ ተሳቢዎቹ እስከ አምስት ክንድ እንደሚርቁ አንድ የእድሩ አባል አስተዋለ። በማግስቱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሚስቱ አንቀልባ አዘለ። ለራሱ ብቻ ይዞት ቢቀር ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ይሠራ ነበር። የእድር ሰው ግን ለብቻው መትረፍን አያውቅበትም። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናገረ፤ ለአንዱ የተነገረ ለሁሉም ይነገር ተብሎ ተወሰነ። ወዲያው የሞተረኛው ሁሉ ጀርባ በአንቀልባ ተሞላ። ልጆቹን የሚሰፋው እንድርያስ ነበር። ብርድ ልብስ ቅርጹን ስለማይጠብቅ፣ ከጃኬቶቹ ያወጣቸውን ትራሶች ጠቅልሎ ይሞላበት ጀመር። ትከሻው ትከሻ፣ ራሱ ራስ ይመስል ነበር። ጥሩ ሥራ ነው ተብሎ ተመሰገነ።

ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሞተረኛ እዚሁ ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ምንም አልሆነም። ተነሥቶ፣ ወደ መሃል መንገድ የተንከባለለውን ልጁን በእግሩ ይዞ አነሳ፤ አቧራውን ሊያራግፍ ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ ደበደበው፤ መልሶ አዘለው። ከኋላው ሦስት ተሳቢዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር። ማንጁራ በዚያን ቀን እዚህ ዋርካ ሥር ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀም ይላል። በሳምንቱ አንቀልባ ሁለት ክንድ ሆነ። ልጆቹ ውስጥ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ መጨመር ተጀመረ፤ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ትንንሽ የሱፍ ቆብ ተሰፋላቸው፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ሰዎች አሁንም የሚያዝሉት ልማድ ስለሆነባቸው ነው። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ሲቀላቸው ይፈራሉ።

ፀጋነሽ ሞተሩን አቁማ ወደ ዋርካው መጣች።

“እውነተኛ ልጅስ?” አለች።

ማንጁራ ቆቡን አውልቆ ውስጡን አየ። “እውነተኛስ... እንጃ። ከክረምት ወዲህ እዚህ ይዞ የሞከረ የለም።”

“ማን ልጁን ይሞክራል?” አለ እንድርያስ።

“እኔ እሞክራለሁ” አለች።

“አታደርጊውም።”

“እንድርያስ፣ ሰኞ በዚህ መንገድ ይዣት እሄዳለሁ። ማክሰኞም እሄዳለሁ። ዛሬ ሰው እያየኝ ብሄድ ምን ይለያል?”

“ዛሬ የግድ አይደለም።”

“ሰኞ የግድ የሆነው ዛሬ ካላወቅነው አይቀልም።” ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በማዋለጃ ክፍል ውስጥም እንዲህ ነው የምትናገረው። “አምጣት። ጡት ስትጠብቅ ቆይታለች፣ ጠብታ ትሂድ።”

በዋርካው ግንድ በኩል ዞራ አጠባቻት። ጠሪዎቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከዚያ ፀጋነሽ በአንቀልባው አዘለቻት፤ እናቷ የላከችላት፣ ዛጎል የተሰፋበት የቆዳ አንቀልባ ነው። እንድርያስ ማሰሪያውን ከደረቷ ላይ አጠበቀ። እጁ ልብስ ሲለካ እንደሚያደርገው ስፌቱን ዳሰሰ፤ ምንም እንከን አልነበረበትም።

ያው አሮጌ ሞተር፣ ያው ያረጀ ሄልሜት፣ ያው ሹራብ ነው። ተሳቢው ከላይ ታየ። እንድርያስ መስመሮቹን ማየት አልቻለም፤ የልድያን እግር ነበር የሚያየው። ከአንቀልባው ወጥታ የተንጠለጠለች አንዲት ቀይ ካልሲ። ተሳቢው ከጎኗ ደረሰ፣ ረዘመ፣ አለፈ።

ማንጁራ ወዲያው አልጠራም።

“ስንት ነው?” አለ እንድርያስ።

“ሁለት።”

“ያለ እሷ ሦስት ነበር።”

“አይቻለሁ።”

“እንዴት ይቀንሳል? ልጅ ጨምራ እንዴት ይቀንሳል?”

ማንጁራ መልሱን የሚያውቅ ሰው ይመስል ነበር፤ ቢሆንም ለመናገር የፈለገ አይመስልም። “ተሳቢዎቹ ባዶውን አንቀልባ ልጅ አይደለም ብለው ትተውታል ብለን ነበር የምናስበው” አለ። “አልተዉትም። ሌላ ነገር ነው ብለው ያዙት። ብዙ ጊዜ ሰው ሲወድቅ አይተዋል፤ በጀርባው ያረፈ ሲተርፍ አይተዋል። ትራስ ነው ብለው ነው የሚያዩት፣ እንድርያስ። ከጀርባዋ መከላከያ ያደረገች ሴት ናት ለእነሱ።”

ፀጋነሽ ተመልሳ ሞተሩን በአንድ ጎን አዘንብላ አቆመች። እግሯ አልደረሰም ነበር።

“ስንት አሉ?” አለች።

የነገራት ባሏ ነው። ሰማችው፤ አንቀልባውን ፈትታ ልጅቷን ወደ ፊቷ አዞረቻትና ግንባሯን በግንባሯ ነካች። ልድያ የሄልሜቱን ሲባጎ ይዛ ልትጠባው ሞከረች።

“ከፊት ብታቅፊያትስ?” አለ ከጠሪዎቹ አንዱ በቀስታ።

“ሆድም ተሞክሯል” አለ ሌላው። “እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ።”

በሌላ ጊዜ ይሳቅበት ነበር።

ወደ ሱቁ የተመለሱት በእግር ነው፤ እንድርያስ አንዱን ሞተር እየገፋ፣ አንዱን ከጠሪዎቹ አንዱ እየገፋለት። በመንገድ ላይ ፀጋነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ሥራውን ብትተወው ከቁልቁለቱ ማዶ ሌላ አዋላጅ እንደሌለ ተናገረች። በዚህ ወር የሚወልዱ ሁለት ሴቶችን በስም ታውቃለች፤ አንደኛዋ መንታ አርግዛለች። ይህን ያለችው ለመከራከር አልነበረም። እንድርያስም እንዳትሄድ አልጠየቃትም።

ጋሽ ኦልታዬ የሁለቱን ፊት አዩ። ያረጀውን ሄልሜት ተቀብለው ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲሉ እንድርያስ ያዛቸው።

“እሱን ለእሷ ይተዉላት። ውስጡን ግን እኔ እሠራዋለሁ፤ ስስ ስፖንጅ አለኝ፣ ከውጭ አይታወቅም። ተሳቢው እስኪለየው ድረስ ይቆይ። አሮጌውን ሞተር እሷ ትይዘዋለች። ወንበሩን ዛሬ ገልጬ ዝቅ አደርግላታለሁ፣ እግሯ እንዲደርስ።”

“ደህና አስበሃል። አዲሱ ሞተርስ ይቅር?”

“አዲሱን እወስደዋለሁ።”

ወደ ቀኝ መደርደሪያው ሄደ። ጥቁሩን ጃኬት አወረደ። የጉልበት መከላከያውንና ጓንቱን አከለበት። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚይዘውን ቦት ጫማ አየ፤ አንዱን አነሳ። ፀጋነሽ ከልጇ ቀና ብላ አየችው።

“እሱ ለማን ነው?” አለች።

“ለእኔ።”

“የት ልትሄድበት?”

“ከአንቺ ጋር። በግራሽ በኩል።”

ግራው ተሳቢዎቹ የሚያልፉበት በኩል ነው።

“መሸኘት እችላለሁ” አለ እንድርያስ፣ ስለ ሥራ ሰዓት የሚነጋገሩ ይመስል። “ሱቄ የራሴ ነው። ጠዋት አድርሼሽ እመለሳለሁ፣ ወደ ማታ እመጣለሁ። አዲስ ሞተር፣ ጥሩ ፍሬን፣ ጥሩ ሄልሜት። ከሁለታችን አንዳችንን ማየት ካለባቸው...”

“ጨርሰው።”

አልጨረሰውም።

“እኔ ባል ነው ያገባሁት” አለች። “አጥር አይደለም።”

“አውቃለሁ።”

“ልጅቷ የማን ልጅ ሆና ትደግ?”

“ፀጊ፣ ጥሩ ሄልሜት ነው። አንቺው ነሽ ያልሽው። ስፌቱን አይቼዋለሁ፣ ጃኬቱ ጥሩ ነው። ከወደቁት ውስጥ በጥሩ ዕቃ የተረፈ ብዙ ነው፤ እነሱም የሚገምቱት ይህንኑ ነው። ምናልባት ልክ ናቸው።”

“ምናልባት” አለች።

ይህን ክርክር ለማሸነፍ የሚበቃ ጉልበት ሁለቱም አልነበራቸውም። ፀጋነሽ ወደ በሩ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከቆየች በኋላ፣ ሳትዞር፣ “ቢጫውን አድርግ” አለች። “አረንጓዴው አይስማማህም።” ከዚያ ልድያን አቅፋ ወደ ውጭ ወጣች።

ጋሽ ኦልታዬ ቢጫውን ከካርቶኑ አወጡ። አቧራውን በመሐረባቸው ጠረጉ፤ ቀስ ብለው፣ መስታወቱንም ማሰሪያውንም። ከዚህ መደርደሪያ ሲሸጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ በዚህ ዓመት ከገዟቸው አብዛኞቹ አባቶች ነበሩ፣ አንዷ ብቻ እናት ነበረች። ከዚያ በዚያ ሱቅ ብዙም የማይጠየቀውን ጠየቁ።

“የራስህ ልክ ስንት ነው፣ ልጄ?”

እንድርያስ አያውቀውም ነበር። ዘመኑን ሁሉ የሰው ሲለካ ኖሯል። ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውልቆ ሰጣቸው፤ ጋሽ ኦልታዬም ከግንባሩ በላይ አዙረው ለኩት።

ሰኞ ማለዳ ጉም ነበር። በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ጠሪዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዋርካው ሥር ደርሰዋል። ገዢ በሌለበት ሰዓት እንኳ ያለፈውን ሁሉ መጥራት ልማዳቸው ነው፤ አፋቸው ለምዶታል። በቀኝ በኩል ፀጋነሽ በአሮጌው ሞተር፣ ባረጀው ሄልሜት፣ ልድያን በአንቀልባ አዝላ ወረደች። በግራዋ፣ ከእሷ ግማሽ ጎማ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ከራስ እስከ እግሩ የተሸፈነ ሰው በሚያበራ ቢጫ ሄልሜት ይከተላታል። ከጉሙ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚታየው እሱ ነበር።

ተሳቢ መጣ። በሁለቱ አጠገብ ረዘመ፣ አለፈ።

“ለሲስተር አራት” አለ ማንጁራ።

ሌሎቹ የእንድርያስን ቁጥር ጠበቁ። ማንጁራ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው፤ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። ከዋርካው ሥር ሌላ ቁጥር አልተጠራም።

የኮሮኮንቹ መንገድ ከአስፋልቱ የሚገነጠልበት ላይ ፀጋነሽ ቆመች። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ረገጡ፤ ወንበሩ ልክ ሆኗል። እንድርያስ ከጎኗ አቆመና የፊቱን መስታወት ከፍ አደረገ።

“ለእኔ አራት ሲሉ ሰምቻለሁ” አለች። “ለአንተስ?”

“አልሰማሁም። ጥሩ ሄልሜት ነው፣ ጆሮ ድረስ ይሸፍናል።”

አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከአገጩ ሥር ያለውን ማሰሪያ አጠበቀችው። እስከዚህ የሚበቃ መስሎት ነበር፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ ደግማ ሳበችው። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሌላ ተሳቢ ድምፅ እየወረደ ነበር።

“ማታ ቶሎ እንዳትመጣ” አለች። “መንገዱ ጭር ሲል ና።”

“መንገዱ መቼ ጭር ይላል?”

ሞተሯን አስነሥታ ወደ ኮሮኮንቹ ገባች፤ እዚያ የሚጠብቃት ድንጋይ ብቻ ነው። እንድርያስ ቀይዋ ካልሲ ከዓይኑ እስክትጠፋ ቆሞ አየ። ከዚያ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ብቻውን ወደ አስፋልቱ ዞረ።